በምድር ቤትዎ ስላሉት ሃያ ሦስት ቀይ ፖስታዎች

ጋሉስ፣ ፍራንክፈርት
ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. (በእናንተ ጁላይ 8 ቀን 2013)

ለተከበሩ የምርጫ ጉዳይ ቢሮ ኃላፊ፣ እንዲሁም «ምርጫ ክልላችን ትናንትና ዛሬ» ለተሰኘው መጽሔት ዋና አዘጋጅ፤

ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የስድሳ ዓመት የምርጫ ውጤት ሲያገላብጡ የከረሙት ጣቶችዎ እንዴት ናቸው? ወገብዎስ? ቤተሰብ ካለዎት ቤተሰብዎ፣ ከሌለዎትም ወንበርዎና ማኅተምዎ በሰላም ይክረሙልኝ። እኔ ተስፋጋብር በራኺ እባላለሁ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በአውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ስጭንና ሳወርድ የኖርኩ የሰባ ዓመት ጡረተኛ ነኝ። የእርስዎን ስም ከዚህ ላይ ያልጻፍኩት ንቄ እንዳይመስልዎት። በመጽሔቱ ሁለተኛ ገጽ፣ ከፈገግታዎ ሥር፣ ተጽፎ አይቼዋለሁ። ነገር ግን እርስዎ የእኛን ስም ሳይጠሩ ስለ እኛ ያን ያህል መጻፍ ከቻሉ፣ እኔም ያንኑ ጨዋነት ልከተል ብዬ ነው።

በአማርኛ የምጽፍልዎትም በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ አስተያየት ያለው ሁሉ በሚመቸው ቋንቋ ይጻፍልን ብለው ስለጋበዙ ነው። የእናቴ ቋንቋ ትግርኛ ነው፤ አስመራ ትምህርት ቤት የተማርኩት ግን በአማርኛ ነው፤ እዚህ ጋሉስ ውስጥ ደግሞ ኤርትራዊውም ኢትዮጵያዊውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲገናኝ የሚግባባው በዚሁ ነው። ጀርመንኛዬ ለመለመን ይበቃል፤ ለመጣላት አይበቃም። ልዕልት የምትባል፣ አልተንሃይም በሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችን የምትንከባከብ የጎረቤቴ ልጅ፣ ደብዳቤውን ወደ ቋንቋዎ ልትመልስልኝ ተስማምታለች። ወቀሳውን እንዳታለሳልስብኝ አስጠንቅቄያታለሁ፤ እርሷ ግን ሥራዋ ሽማግሌ ማባበል ስለሆነ ብዙም አላምናትም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ፤ በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ እናንተ ቁጥር እንደምትወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ታሪኩ አመሰግናለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የኖርኩበት አገር ምን ዓይነት ምርጫ ክልል እንደሆነ ያወቅሁት ከእርስዎ ነው። ከተማችን ሦስት ምርጫ ክልል እንደነበራት፣ ከ2002ቱ ምርጫ በፊት (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ናቸው) ሦስቱ ሁለት እንደሆኑ፣ ጋሉስና ሮደልሃይም በአንድ ወገን ሲቀሩ ከወንዙ ማዶ ያለው ኒደርራድ ወደ ሌላው እንደተቆጠረ፣ ሁሉንም በሥዕል አስደግፈው አስረድተውኛል። በ2005 ወንበሩን ቀዮቹ ይዘውት እንደነበር፣ በ2009 ደግሞ ጥቁሮቹ እንደወሰዱትም ጽፈዋል። እዚህ አገር ፓርቲ በቀለም እንደሚጠራ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ «ጥቁሮቹ አሸነፉ» የተባለ ዕለት ከመካከላችን ለጥቂት ደቂቃ ደስ ያላቸው ነበሩ። የፋብሪካ ሠራተኛው፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ቦምብ የመታው ቤት፣ እንደገና የተሠራው ቤት፣ ሁሉም በመጽሔቱ ተገቢ ቦታውን አግኝቷል። እኛም አልተረሳንም። በገጽ ሠላሳ ስምንት ላይ «ተግዳሮቶች» በሚል ርእስ ሥር፣ ከመኪና ማቆሚያ እጥረት ቀጥሎ ገብተናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ሽፋኑ ፎቶግራፍ አመሰግናለሁ። ከቃሪያው ፊት ለፊት ቆማ የምትስቀው ባለ አረንጓዴ ሻሽዋ ሴት ዓዚዛ ትባላለች። ፎቶ መነሣቷንም ሽፋን መሆኗንም የሰማችው መጽሔቱ በየበራችን ሲታደል ነው። ልዕልት ከሥር ያለውን ጽሑፍ «የምርጫ ክልላችን ሕያው ብዝኃነት» ብላ ስትተረጉምላት፣ ዓዚዛ እኔ ሕያው መሆኔን ማን ጠየቃቸው ብላ ስቃለች። ገጽ አርባ አንድን ያነበብንላት ከዚያ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ አልሳቀችም።

ሦስተኛ፣ እርሱው ገጽ አርባ አንድ ነው። እባክዎ መነጽርዎን ያድርጉ። በ2009ኙ ምርጫ በአካልም በደብዳቤም የመረጠውን ሁሉ ደምረው፣ የእኛ ሠፈር ምርጫ ጣቢያ በተሳትፎ ከምርጫ ክልሉ ጭራ መውጣቱን በወፍራም መስመር ካሳዩ በኋላ፣ እንዲህ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስፍረዋል፦ «ይህ ውጤት ከስደት የመጡ ነዋሪዎች ድምፅ ለመስጠት ያላቸው ፍላጎት ገና አለመዳበሩን ያመለክታል።» አለመዳበሩን! አንጀቴን አራሱት፤ እግዜር ይስጥልኝ። ከእኛ ከፍ ብሎ ካለው ጣቢያ የሚለየን ስንት ሰው እንደሆነ በሠንጠረዥዎ ላይ ቆጠርኩ። ደግሜም ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ሰው ነው።

እኔ ደግሞ በዚያ ምርጫ ወረቀታቸውን ሞልተው፣ ፈርመው፣ አሽገው ያልተቆጠሩ ሃያ ሦስት ሰዎች አውቃለሁ። በስም አውቃቸዋለሁ። ፖስታቸው ያለበትንም አውቃለሁ፤ በእርስዎ ቢሮ ምድር ቤት፣ በታሸገ ካርቶን ውስጥ ነው። አንዱ የእኔ ነው። እንዳይቆጠሩ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ከዚህ በታች አራተኛ ብዬ የምጽፈው እንግዲህ አቤቱታ ይሁን ኑዛዜ እኔም አልለየሁትም፤ እርስዎ በሚመችዎ መዝገብ ያስገቡት።

አራተኛ። የ2009ኙ ምርጫ የዋለው ሴፕቴምበር 27 ቀን ነበር። ለእናንተ እንደማንኛውም እሑድ ነው፤ ለእኛ መስከረም 17፣ የመስቀል በዓል ነው። ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ይውላል፤ እነዓዚዛ ደግሞ የእሑድ ተረኛ ናቸው፤ የአውሮፕላን ማረፊያውና የአልተንሃይሙ ሥራ በዓል አያውቅም። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሬ ቤት ለቤት ዞርኩ። ለሃያ ሁለት ሰው፣ ከእኔ ጋር ለሃያ ሦስት፣ በደብዳቤ የሚመረጥበትን ወረቀት አስመጣሁ፤ ብሪፍቫል የምትሉትን ማለቴ ነው። ሁሉም በየቤቱ ሞልቶ በቀዩ ፖስታ አሸገው። ጀርመናዊ ጎረቤቴ ቢሆን ቀጥሎ የሚያደርገውን አውቃለሁ፤ መንገድ ጥግ ካለው ቢጫ የፖስታ ሣጥን ይከትና ይሄዳል። ቴምብር እንኳ አያስፈልገውም። እኛ ግን ፊት የሌለውን ሣጥን አናምንም። የከበደ ነገር የሚሄደው በሰው እጅ ነው፤ መድኃኒቱም፣ የሠርግ ልብሱም ከዚህ አስመራና አዲስ አበባ የሚደርሰው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ሻንጣውን ስጭን ስለኖርኩ አይቻለሁ። ሃያ ሁለቱም ፖስታቸውን አምጥተው ለእኔ ሰጡ። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

ከሰጡኝ አንዷ ወይዘሮ ጽገወይኒ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ኒደርራድ ባሉት ትልልቅ ቢሮዎች ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ወለል ወልውለዋል። የጀርመን ዜግነት ያገኙት በዚያው ዓመት የጸደይ ወራት፣ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በጃንሆይ ጊዜ ማን ይሻልዎታል ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ በደርግ ጊዜ የሚሻለው ማን እንደሆነ ተነግሯቸው ነበር፤ ከዚያ ሱዳን፣ ከሱዳን እዚህ። ወረቀቱን ሲሞሉ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ምርጫው ምስጢር መሆኑን ስላነበብኩላቸው ፊቴን ወደ መስኮቱ እንዳዞር አዘዙኝ። እርሱም አልበቃ ብሏቸው በነጠላቸው ጫፍ ጋረዱት። መስኮት እያየሁ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሁለት ቦታ፣ ለእጩና ለፓርቲ፣ ምልክት ለማድረግ ያን ያህል ጊዜ የፈጀ ሰው በመጽሔትዎ ስድሳ ዓመት ውስጥ የሚገኝ አይመስለኝም። አሽገው ሲሰጡኝ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና፣ «አደራ ወንድሜ፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ አንተው አድርስልኝ» አሉኝ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል በእኛ ዘንድ። ሰማዩን ተውት፤ አደራው ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ግን ያደግንበት ነው።

ፖስታዎቹ ሁሉ እጄ ከገቡ በኋላ ምርጫው እስኪደርስ አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ። ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ የሚያጣድፈኝ ሥራ አልነበረም። ከአሥራ ሁለቱ ቀን በፈለግሁት በአንዱ ቢሮዎ ድረስ ሄጄ አስረክቤ ወደ ቤቴ መመለስ እችል ነበር። ለምን እንዳላደረግሁት ለአራት ዓመት ለማንም ትንፍሽ ብዬ አላውቅም፤ ለእርስዎ እነግርዎታለሁ። እንድታዩን ፈልጌ ነው። በምርጫው ዕለት፣ በበዓሉ ቀን፣ ነጭ በነጭ ለብሼ ጣቢያው ድረስ ገብቼ፣ ሃያ ሦስት ፖስታ ባንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ብዘረግፈው፣ ሠፈርተኛው ሁሉ ለካ እነዚህም አሉ ይላል ብዬ ነው። እኔንም ያየኛል ብዬ ነው። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ ጣቢያው ወዳለበት ትምህርት ቤት የደረስኩት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጣቢያውን የምትመራው ወጣት ሴት እጅግ ትሑት ነበረች፤ በእርሷ ላይ አንዲት ቃል የለኝም። ቀይ ፖስታ እዚያ እንደማይቀበሉ፣ ፖስታው ላይ በተጻፈው አድራሻ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት መድረስ እንዳለበት ቀስ ብላ አስረዳችኝ፤ አድራሻውንም በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ያን ጊዜውን ብነሣ ሻይ ጠጥቼም እደርስ ነበር። እኔ ግን መከራከር ጀመርኩ። ሣጥኑ ይኸው ከፊቴ አለ፣ ድምፅ ድምፅ ነው፣ ምን ይለየዋል አልኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ተሠራ። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ሲጀምሩ ማፈር ሲገባኝ ይባስ እልህ ያዘኝ፤ ሰው ፊት ተዋርጄ አልወጣም አልኩ። አምሳ ደቂቃ በዚህ አለፈ። በመጨረሻ ስወጣ የእሑድ ትራም ዓይኔ እያየ አመለጠኝና ሌላውን ሃያ ደቂቃ ጠበቅሁ። ከፌርማታው እስከ ቢሮዎ በዚያ በበሽተኛ ጉልበቴ ሮጥኩ።

የሰዓት አቆጣጠር ተምታቶበት ይሆናል ብለው እንዳያዝኑልኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእናንተ ሰዓት አውሮፕላን ያስነሣሁ ሰው ነኝ፤ ደቂቃ ምን እንደሆነች ማንም አያስተምረኝም። የቢሮዎ ሠራተኛ ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ፤ ከስድስት ሰዓታችሁ አራት ደቂቃ አልፎ ነበር። «ላይደር» አለኝ፤ ያቺን ሁሉንም በር የምትዘጉባትን ያሳዝናል። ፖስታዎቹን አልመለሰልኝም። በእያንዳንዳቸው ላይ ቀኑንና 18:04 የሚለውን ሰዓት በብዕር ጻፈ፤ ሃያ ሦስት ጊዜ ሲጽፍ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ሳይከፍታቸው ለብቻ አኖራቸው።

በማግሥቱ ወይዘሮ ጽገወይኒ ስልክ ደውለው አደረስክልኝ ወይ አሉኝ። አስረክቤአለሁ አልኳቸው። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ለሌሎቹም ያንኑ አልኩ፤ መቼና በስንት ሰዓት ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም፤ ያመነ ሰው አይጠይቅም። እርሳቸው በ2011 ጥር ላይ አረፉ። እስከዚያች ቀን ድረስ ቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ እኔ እኮ አንድ ጊዜ መርጫለሁ፣ ይሉ ነበር። እኔም ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጬ ራሴን እነቀንቅ ነበር።

አምስተኛና የመጨረሻው፣ ስለ ሕጋችሁ ግልጽነት አመሰግናለሁ። ልዕልት አንብባ እንደነገረችኝ፣ ዘግይቶ የመጣ ፖስታ ሳይከፈት ታሽጎ ይቀመጥና ከሚቀጥለው ምርጫ ስድሳ ቀን ሲቀረው ይወገዳል። የሚቀጥለው ምርጫ ሴፕቴምበር 22 ቀን ነው። ስለዚህ ረቡዕ ጁላይ 24 ቀን ካርቶናችን ወደ ወረቀት መፍጫው ማሽን ይሄዳል። ዛሬን ሳንቆጥር አሥራ ስድስት ቀን ቀርቶናል። ከዚያ በኋላ ሃያ ሦስት ሰው በዚያ ምርጫ ድምፁን እንደሰጠ የሚመሰክር ነገር በዓለም ላይ አይኖርም፤ እኔ ብቻ እቀራለሁ፤ የእኔ ምስክርነት ምን እንደሚያወጣ ደግሞ ከላይ አንብበዋል።

ይክፈቱልን ይቁጠሩልን አልልም። የዘገየ ዘግይቷል፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም፤ የራሴ ነው። የምለምንዎት ሁለት ነገር ነው። ካርቶኑ ሳይፈጭ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ፖስታዎቹ በውጭ በኩል ብቻ ይቆጠሩ። ከዚያም በገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ከዚያ ከሚያምር ዓረፍተ ነገርዎ ሥር፣ ከዚህ ጣቢያ የሃያ ሦስት መራጮች ፖስታ አራት ደቂቃ ዘግይቶ ደርሷል የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። አለመድረስና አለመፈለግ ለየብቻ ናቸው። ወይዘሮ ጽገወይኒ ፍላጎታቸው ያልዳበረ ሰው ተብለው ሊቀሩ አይገባም። እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ፤ አልዳበረም ሊሉኝ ይችላሉ።

ይህ ሁሉ ለክቡርነትዎ ታላቅ ሥራ እንደሚሆንብዎ ይገባኛል። ስለ እኛ ያለ እኛ ስድሳ አራት ገጽ ከመጻፍ፣ ምድር ቤት ወርዶ እስከ ሃያ ሦስት መቁጠር ይከብዳል። ደረጃውን ሲወርዱ እንዳያዳልጥዎት ይጠንቀቁልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በጨዋነትዎ እየተደነቅሁ፣ በትዕግሥቴ እየተገረምኩ፣ ከምርጫ ክልልዎ ጭራ ላይ ሆኜ የምጽፍልዎ ታዛዥዎ፣

ተስፋጋብር በራኺ
የቀድሞ ሻንጣ ጫኝ፣ የዛሬ ተግዳሮት

ግልባጭ፦
ፖስታቸውን ለሰጡኝና እውነቱን ላልነገርኳቸው ሰዎች በሙሉ
ለወይዘሮ ጽገወይኒ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ (እሑድ ሐምሌ 7 ቀን የተጨመረ)፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት በግልባጩ ላይ ያሉት ሰዎች ሊሰሙት ይገባል አለችኝ ልዕልት፤ እምቢ ብል በእርሷ በኩል ትርጉሙ እንደማይጠናቀቅ በትሕትና አሳወቀችኝ። ስለዚህ ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ዛሬም በሠፈር ያሉትን አሥራ ስምንቱን ቤቴ ጠርቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ቢቆጡኝ በወደድኩ። የወይዘሮ ጽገወይኒ ልጅ ሳትሰናበተኝ ወጣች። ዓዚዛ የረመዳን ጾመኛ ነበረች፤ ውኃ እንኳ አልቀረበላትም፤ እስክጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሣችም። ከዚያ፣ «መዘግየቱስ ይሁን፤ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉን?» አለችኝ። ጥያቄዋን ቃል በቃል ወደዚህ ገልብጬዋለሁ።

እርስዎ ግን የተማሩ ሰው ስለሆኑ መልስ አያጡም ብዬ ጥያቄዋን ወደ እርስዎ አስተላልፋለሁ። የቢሮዎ ሰው በገዛ እጁ ሃያ ሦስት ጊዜ ሰዓት የጻፈበት ካርቶን ከጠረጴዛዎ ሥር፣ ምድር ቤት እያለ፣ አልፈለጉም ብለው ሲጽፉ የእርስዎስ ዝምታ ከምን የመጣ ነው? ረቡዕ ጁላይ 24 ቀን ጠዋት ቢሮዎ ሲከፈት ሁሉም በርዎ ላይ ይገኛሉ፤ ቴርሚን የምትሉትን ቀጠሮ አልያዙም። የምትናገረው ዓዚዛ ናት። እኔ አፌን ዘግቼ ከሁሉም ኋላ እንድቆም ወስነዋል፤ እቆማለሁ።